ምንጭና ቧንቧ
በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በአካባቢው ገጠር የመጠጥ ውኃ ታሪክ

የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በሚከበርበት በዚህ ዓመት ከጓደኞቻችን ብዙዎቹ ስለ ነገሥታት፣ ስለ ጦርነትና ስለ ታላላቅ ሰዎች ጽፈዋል። እኛ ግን ታሪክ የሚገኘው በዙፋንና በጦር ሜዳ ብቻ እንዳልሆነ ስላመንን፣ ሰው ሁሉ በየቀኑ የሚፈልገውን፣ ነገር ግን ታሪክ አለው ብሎ የማያስበውን አንድ ነገር መርጠናል፤ ይኸውም የመጠጥ ውኃ ነው።

ለዚህ ያነሣሣንን ምክንያት ብንናገር ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። ባለፈው ክረምት ከክፍላችን ልጆች አንዲቱ በታይፎይድ፣ አባቶቻችን የአንጀት ተስቦ በሚሉት በሽታ፣ ተይዛ ብዙ ሳምንት ተኛች። ልንጠይቃት በሄድን ጊዜ እናቷ እጃቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው «ኧረ እናንተ ልጆች፣ የወንዝ ውኃ አልጠጣች፣ የኩሬ ውኃ አልጠጣች፤ የቧንቧ ውኃ እየጠጣች እንዴት ትታመማለች?» አሉን። መልስ አልነበረንም። በሽታው በምግብም፣ ባልታጠበ እጅም ሊመጣ ስለሚችል ከቧንቧው መጣ ብለን ለመፍረድ አንደፍርም። ጓደኛችን በእግዚአብሔር ቸርነትና በሐኪሞች ድካም ድናለች፤ ዳሩ ግን ፈተናው ስላለፋት እኛ ስንመረቅ እርስዋ ወደ ኋላ ትቀራለች። የእናቷ ጥያቄም ከእኛ ጋር ቀረ። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ መልስ ስንፈልግ ያገኘነውን የሚገልጽ ነው።

የምንጭ ዘመን

ጎጃም በውኃ የታደለ አገር ነው። ከምዕራብ ጎጃም ወረዳዎች በአንዱ፣ በሰከላ፣ ግሽ ዓባይ የሚባለው ምንጭ ይገኛል። የአውሮፓ ሰዎች የዓባይን መነሻ ለማየት ብዙ ዘመን ሲመኙ ኖረው፣ የስጳኝ ተወላጅ የሆነው ቄስ ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618፣ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1770 ከዚያ ደርሰዋል። ለአገሩ ሰው ግን ምንጩ አዲስ ግኝት አልነበረም፤ በጾምና በጸሎት የሚቀርበው የተቀደሰ ስፍራ ነበረ። ትውፊት እንደሚነግረን አቡነ ዘርዐ ብሩክ በመከራ ጊዜ መጻሕፍታቸውን ለዚህ ውኃ አደራ ሰጥተው፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ ሳይበላሹ ተቀብለዋል። ይህ ትውፊት ውኃ በሕዝባችን ልብ ታማኝ አደራ ጠባቂ ሆኖ እንደ ኖረ ያሳየናል። እኛም ወደ ፊት እንደምናሳየው፣ ውኃ አደራ ጠባቂ ብቻ ሳይሆን እርሱ ራሱ አደራ ነው።

እንደ ብር፣ እንደ ፈጠምና እንደ ተምጫ ያሉት ወንዞች በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በደምበጫ አገር አልፈው ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳሉ። ሰው ግን ለመጠጥ ከወንዝ ይልቅ ምንጭን ይመርጥ ነበር። በፍኖተ ሰላም ገጠር ያነጋገርናቸው አንድ አረጋዊ እንዲህ ሲሉ አጫወቱን፦ «ልጆቼ፣ በእኛ ልጅነት ምንጩ ሕግ ነበረው። ዐይኑ የሰው ነው፤ ከዚያ ዝቅ ብሎ የከብት ማጠጫ ነው፤ ከዚያም ዝቅ ብሎ ልብስ ማጠቢያ ነው። ከብቱን ወደ ላይ ያወጣ እረኛ አባቱ ሽማግሌ ፊት ይቆምለት ነበር።»

ይህ ሥርዓት የተማረ ሰው የጻፈው ሕግ አልነበረም፤ ነገር ግን ብልህነት ነበረበት። ለመስኖ ውኃ የሚከፋፈሉ ገበሬዎች ደግሞ የውኃ አባት የሚባል ሰው ይመርጡ ነበር። የውኃ አባት የሚያገለግለው ተራ እንዲያስጠብቅ፣ ቦዩ እንዲጠረግና ጠብ እንዳይነሣ ነው። ስለ ውኃ የሚጠየቅ፣ ስሙ የሚታወቅ፣ ሲያጠፋ የሚወቀስ ሰው ነበር ማለት ነው።

አባቶቻችን እድፍ ከላይ ወደ ታች እንደሚወርድ ለልጅ ሁሉ በተረት አስተምረዋል። ጅብ ከላይ፣ አህያ ከታች ሆነው ውኃ ሲጠጡ፣ ጅቡ «ውኃውን አደፈረስሽብኝ» ብሎ ይቆጣታል። አህያይቱም ከታች ያለ ሰው ከላይ ያለውን ውኃ ሊያደፈርስ እንደማይችል ስለምታውቅ «አያ ጅቦ፣ ሳታመኻኝ ብላኝ» አለችው። ይህን ምሳሌ ስለ ግፈኛ ሰው ስንናገረው እንኖራለን፤ ውኃ ለሚያስተዳድር ሁሉ ግን ሌላ ትምህርት አለው። ከታች የሚጠጣው ንጹሕ እንዲሆን መጠበቅ ያለበት ከላይ ነው።

ዐይን የማያየው ጠላት

ይሁን እንጂ የጥንቱን ዘመን ከመጠን በላይ ማመስገን እውነትን መበደል ይሆናል። አባቶቻችን ውኃን የሚመረምሩት በዐይን፣ በአፍንጫና በምላስ ነበር። የደፈረሰው እስኪጠራ ይቆዩ፣ አልቅት እንዳይኖርበት በነጠላ ጫፍ ያጠልሉ፣ እንስራውንም በወይራ ጭስ ያጥኑ ነበር። ዳሩ ግን ጥርት ያለ፣ ቀዝቃዛና ጣፋጭ ሆኖ የሚገድል ውኃ መኖሩን ሊያውቁ አልቻሉም። ለዚህ የሚወቀሱ አይደሉም፤ በዚያ ዘመን የአውሮፓ ሐኪሞችም ይህን አያውቁም ነበርና።

በ1858 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ከሠራዊታቸው ጋር በጣና ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ በቆራጣ፣ ሰፍረው ሳለ ኮሌራ በሠፈሩ ገባ። ብዙ ሕዝብና ብዙ ከብት በአንድ ስፍራ ተጨናንቆ ሲኖርና ከአንድ ውኃ ሲጠጣ፣ ለዚህ በሽታ ከዚያ የሚሻል ምቹ ጊዜ የለም። ንጉሠ ነገሥቱም ሠፈራቸውን ነቅለው ወደ ደጋው ወጡ። ከበሽታው መሸሽን ያውቁ ነበር፤ በሽታው በምን እንደሚተላለፍ ግን በሠፈሩ ውስጥ በእርግጥ የሚያውቅ አልነበረም።

ይህ ከመሆኑ ከ12 ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1854፣ በሎንዶን ከተማ ጆን ስኖው የሚባል ሐኪም ምስጢሩን ለመግለጥ ተቃርቦ ነበር። ብሮድ ስትሪት በሚባል መንገድ አካባቢ ኮሌራ በጥቂት ቀናት ውስጥ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎችን ሲገድል፣ ስኖው የሞቱትን ሰዎች ቤት አንድ በአንድ እየቆጠረ በካርታ ላይ አመለከተ። አብዛኞቹ ከአንድ የእጅ ፓምፕ የሚቀዱ ሆነው ተገኙ። በአቅራቢያው ያሉ የቢራ መጥመቂያ ሠራተኞች ቢራ እንጂ የፓምፑን ውኃ ስላልጠጡ አልታመሙም። ከዚያ ሠፈር ርቃ የምትኖር አንዲት ባልቴት ግን የፓምፑን ውኃ ጣዕም ስለ ወደደችው በየጊዜው እያስመጣች ትጠጣ ነበርና ሞተች። መስከረም ሳይጠባ የፓምፑ እጀታ ተፈታ። በሽታው ቀድሞ መቀነስ ጀምሮ የነበረ ቢሆንም፣ የስኖው ካርታ ለዓለም አዲስ ትምህርት ሆነ። ጣዕም ምስክር አይሆንም! ሮበርት ኮኽ የሚባለው ጀርመናዊ ሊቅ የኮሌራን ተሕዋስ ለይቶ ያሳወቀው ከ30 ዓመት ያህል በኋላ ነው።

ጠላቱ ከታወቀ በኋላ መድኀኒቱ ተፈለገ። እ.ኤ.አ. በ1908 በአሜሪካ የጀርሲ ሲቲ ከተማ የቧንቧ ውኃ ዘወትር በክሎሪን እንዲታከም ተደረገ፤ ከዚያም ወዲህ ይህ ልማድ በዓለም ተስፋፋ። በኬሚስትሪ ትምህርታችን እንደ ተማርነው ክሎሪን የሚገኘው ከምግብ ጨው ነው። ይህን በተማርን ጊዜ በመጽሐፈ ነገሥት የተጻፈው የነቢዩ ኤልሳዕ ታሪክ ትዝ አለን። የኢያሪኮ ሰዎች ውኃችን ክፉ ነው ብለው በነገሩት ጊዜ፣ ኤልሳዕ በአዲስ ማሰሮ ጨው አስመጥቶ የጣለው በየሰው እንስራ ውስጥ አልነበረም፤ ወደ ምንጩ ሄዶ ከመነሻው ጣለው እንጂ። ተአምሩን ከሳይንስ ጋር ማስተካከላችን አይደለም፤ ነገር ግን ውኃን ከመነሻው መፈወስ የሚለው አሳብ ጥንታዊ መሆኑን አስተዋልን።

ኮሌራ የጥንት ወሬ ብቻ ሆኖ አልቀረም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በምዕራብ ጎንደር፣ በቋራ ወረዳ፣ በበርሜል ጊዮርጊስ ጠበል ተሰብስበው በነበሩ ምእመናን መካከል የኮሌራ ወረርሽኝ ተነሥቶ ነበር። ይህ የጠበሉን ቅድስና የሚነካ ነገር አይደለም። ብዙ ሺህ ሰው በአንድ ስፍራ ሲሰበሰብ መጸዳጃ ቤትና የታከመ የመጠጥ ውኃ ካልተስተካከለ፣ ቆራጣ የሆነው ነገር ተመልሶ እንደሚመጣ የሚያስጠነቅቅ ነው።

ቧንቧ ወደ አገራችን ሲመጣ

በአገራችን የቧንቧ ውኃ የታወቀው በ1880ዎቹ ዓ.ም. ነው። የስዊስ ተወላጅ የሆነው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ የእንጦጦን ውኃ በቧንቧ አውርዶ ወደ አፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት አስገባ። ውኃው ከተራራ ወርዶ ተመልሶ ወደ ግቢው ኮረብታ ሲወጣ ያየው ሕዝብ በጣም ተደነቀ። ነገሩ ግን ተአምር አልነበረም፤ ውኃ በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ ሲሄድ የተነሣበትን ከፍታ ያህል ለመውጣት የሚገፋ ስለ ሆነ ነው። በኋላም በ1930ዎቹ ዓ.ም. የገፈርሳ ግድብ፣ በ1962 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ የለገዳዲ ግድብ አዲስ አበባን ማጠጣት ጀመሩ።

የእኛ አገር ከተሞች ታሪክ ከመንገድ ጋር የተያያዘ ነው። ቡሬ ወደ ወለጋ ለመሻገር ዓባይን የሚያቋርጡ የሲራራ ነጋዴዎች የሚገናኙባት የታወቀች ገበያ ነበረች። በቅሎና አህያ ጭኖ የሚጓዝ ነጋዴ ማደሪያውን የሚመርጠው ውኃ ባለበት ስለ ነበረ፣ የመንገዱ ካርታ የውኃም ካርታ ነበር ለማለት ይቻላል። በየካቲት 1933 ዓ.ም. ጣልያኖች የቡሬን ምሽግ ለቀው ወጡ፤ ያስለቀቃቸውም የጎጃም አርበኞችና በኦርድ ዊንጌት የሚመራው ጊዴዎን የተባለ ጦር ነበር። ከዚያም ንጉሠ ነገሥቱ አፄ ኀይለ ሥላሴ በዚሁ መንገድ አልፈው መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ገቡ። ቀድሞ ወጀት ትባል የነበረችውም ከተማ የሰላም መንገድ የሚል ትርጉም ያለውን ፍኖተ ሰላም የተባለ ስም ያገኘችው በዚሁ የመመለስ ጉዞ እንደ ሆነ ይነገራል።

ከተሞቹ ባደጉ መጠን ምንጩ አልበቃ አለ። አሥር ቤት የሚጠጣው ምንጭ ሺህ ቤት ሲጠጣው ይደርቃል፤ ባይደርቅም ይጎድፋል። ስለዚህ በየከተማው ጉድጓድ ተቆፈረ፣ ማጠራቀሚያ ተሠራ፣ ቦኖ ተተከለ፣ ቀስ በቀስም ቧንቧ በየግቢው ገባ። የቦኖ ውኃ የወረፋ፣ የሳንቲምና የጨዋታ ታሪክ ነው፤ እናቶቻችን ብዙ ወዳጅነትና ብዙ ጠብ በዚያ ወረፋ ላይ እንደ ጀመሩ ይነግሩናል።

ሕጉም ከዘመኑ ጋር ተራምዷል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በውኃ ለመጠቀም ማኅበረሰቡ ቅድሚያ እንዲኖረው ደነገገ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በ90ኛው አንቀጽ የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ኢትዮጵያውያን ሁሉ ንጹሕ ውኃ እንዲያገኙ ፖሊሲዎች እንዲያተኩሩ አዘዘ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም ሐምሌ 21 ቀን 2002 ዓ.ም. ንጹሕ የመጠጥ ውኃ የሰው ልጅ መብት መሆኑን አወቀ። በ2008 ዓ.ም. የተጀመረው ሁለተኛው የዕድገትና የትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ለገጠር ሰው በቀን 25 ሊትር ውኃ በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ እንዲደርሰው ዐቅዶ ነበር። 25 ሊትር ከአንድ ጄሪካን ጥቂት የሚበልጥ ነው። ሊትርና ኪሎ ሜትር ግን በዐይን ይቆጠራሉ፤ ንጽሕና በዐይን አይቆጠርም።

ቧንቧ ስለ ምን ይታመማል?

እንግዲህ ወደ እናታችን ጥያቄ እንመለስ። እንደ እኛ ያሉ ትናንሽ ከተሞች አብዛኛውን ጊዜ ውኃ የሚያገኙት ከጥልቅ ጉድጓድ ወይም ከጎለበተ ምንጭ ነው። ከጥልቅ መሬት የሚወጣ ውኃ በአፈርና በድንጋይ ተጣርቶ ስለሚወርድ ብዙውን ጊዜ ከተሕዋስ የጸዳ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ረጅም ጉዞ አለው፤ ወደ ማጠራቀሚያ፣ ወደ ትልቁ ቧንቧ፣ ወደ ትንሹ ቧንቧ፣ ወደ ጄሪካን፣ ወደ ጣሳ፣ ወደ አፍ። በእነዚህ ደረጃዎች ሁሉ ሊበከል ይችላል።

ከሁሉ የሚያስፈራው ውኃ የሚቋረጥበት ጊዜ ነው። ቧንቧው በውኃ ተሞልቶ በኀይል ሲገፋ፣ ቀዳዳ ቢኖረው እንኳ ውኃው ወደ ውጭ ይፈስሳል እንጂ እድፍ ወደ ውስጥ አይገባም። ውኃው ሲቋረጥ ግን ቧንቧው ባዶ ይሆናል፤ ያን ጊዜ በዙሪያው ያለውን እርጥበት በቀዳዳው ይስባል። ቧንቧው በቦይ ወይም በመጸዳጃ ጉድጓድ አጠገብ ያለፈ እንደ ሆነ የሚስበው ምን እንደ ሆነ አንባቢው ይፍረደው። ውኃው ተመልሶ ሲመጣ መጀመሪያ ደፍርሶ የሚወርደው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ደስ ብሎን የምንሻማውም ያንኑ ውኃ ነው። «እያሳሳቀ የሚወስድ ውኃ» የሚባለው እንዲህ ያለው ይሆን?

ክሎሪን ለዚህ ሁሉ ጠባቂ ነው። በውኃው ውስጥ ተሕዋስን ገድሎ የሚተርፈው ጥቂት ክሎሪን እስከ ቤታችን ድረስ እየተከተለ ይጠብቀናል። የዓለም የጤና ድርጅት በሚሰጠው መመሪያ፣ በ100 ሚሊ ሊትር የመጠጥ ውኃ ውስጥ ኢ. ኮላይ የሚባለው የዐይነ ምድር ተሕዋስ አንድም ሊገኝ አይገባም፤ ውኃውም ቧንቧው ጫፍ ሲደርስ ቢያንስ በሊትር 0.2 ሚሊ ግራም ክሎሪን ሊቀርለት ይገባል። ክሎሪኑ ሥራውን ለመፈጸምም ከተጨመረ በኋላ 30 ደቂቃ ያህል ጊዜ ያስፈልገዋል።

ይህን በዐይናችን ለማየት ፈለግን። በአንዲት ትንሽ ከተማ (ነገሩ የአንዲት ከተማ ብቻ ስላልሆነ ስሟን አንጠቅስም) አንድ የጤና ባለሙያ ዲፒዲ የሚባል እንክብል ይዘው አብረውን ዞሩ። እንክብሉ ክሎሪን ባለበት ውኃ ሲጨመር ውኃው ሮዝ ይሆናል። ከማጠራቀሚያው አጠገብ ካለው ቦኖ የቀዳነው ውኃ ወዲያው ደማቅ ሮዝ ሆነ። ከከተማው ጫፍ ካለው ቧንቧ የቀዳነው እጅግ ፈዘዘ። ከአንድ ቤት ጄሪካን፣ ከተቀዳ ሦስተኛ ቀኑን ከያዘው ውኃ የወሰድነው ግን መልኩን ጨርሶ ሳይለውጥ ቀረ። ሦስቱም ውኃ ከአንድ ጉድጓድ የወጣ ነው። ሦስቱም ለዐይን እኩል ጥሩ ነበሩ። ጠባቂው በመንገድ አልቆ፣ ውኃው ብቻውን ቤት ገብቶ ነበር ማለት ነው።

ይህ የድኻ አገር ችግር ብቻ ነው የሚል ሰው እንዳይኖር፣ የካናዳን አንዲት ትንሽ ከተማ ታሪክ እናስታውሳለን። ዎከርተን በኦንታሪዮ ክፍለ አገር የምትገኝ፣ 5000 ያህል ሰው የሚኖርባት የገበሬ አገር ከተማ ነበረች። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2000 ኀይለኛ ዝናብ ዘንቦ፣ የከብት ፍግ ጥልቀት በሌለው አንድ ጉድጓድ ውስጥ ገባ። ክሎሪኑ በሚገባ ቢጨመር ኖሮ አደጋው ሊቀር ይችል ነበር። ዳሩ ግን ኀላፊዎቹ ክሎሪኑን በሚገባ ሳይጨምሩ፣ በመዝገቡ ላይ ያልለኩትን ቁጥር ይጽፉ ነበር። 7 ሰዎች ሞቱ፤ 2300 ያህል ታመሙ። ጉዳዩን እንዲመረምር የታዘዘው ዳኛ ዴኒስ ኦኮነር ጥፋቱን በዝርዝር ገልጦ ጻፈ። ዝናብ፣ ከብት፣ ፍግ፣ ጥልቀት የሌለው ጉድጓድ! እነዚህ ሁሉ በሐምሌና በነሐሴ በእኛ አገር የሌሉበት ቀበሌ የለም። ዎከርተንን የጎዳት የሀብት ማነስ አልነበረም፤ ጠባቂው መተኛቱ ነው።

ከገጠሩ የምንማረው

ከከተማ ወጥተን ወደ ገጠር ብንሄድ፣ ለዚህ ነገር መልካም ምሳሌ የሚሆን ታሪክ በዚሁ በጎጃም ተሠርቷል። በኢትዮጵያና በፊንላንድ መንግሥታት ትብብር በ1980ዎቹ መጨረሻ ዓ.ም. የጀመረው የገጠር ውኃ አቅርቦትና አካባቢ ፕሮግራም እስከ 2003 ዓ.ም. ድረስ በአማራ ክልል፣ ምዕራብ ጎጃምን ጨምሮ፣ ሲሠራ ቆየ። መጀመሪያ እንደ ሌሎቹ ሥራዎች ሁሉ ባለሙያው መጥቶ ቆፍሮ፣ ፓምፕ ተክሎ ይሄድ ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ ዓ.ም. ግን ነገሩ ተገለበጠ። ውኃ የሚፈልገው የሠፈር ሰው ራሱ ኮሚቴ መርጦ ያመለክታል፤ ለጥገና የሚሆን ገንዘብ አስቀድሞ ይቆጥባል፤ ድንጋይና ጉልበት ያዋጣል። የሥራው ገንዘብም በዚያን ጊዜ የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ይባል በነበረው፣ ኋላ ጸደይ ባንክ በሆነው ድርጅት በኩል ለኮሚቴው ይሰጣል። ኮሚቴው ግንበኛ ቀጥሮ፣ ሲሚንቶና ፓምፕ ገዝቶ፣ ሒሳቡን ለሕዝቡ ያስረዳል። ይህ አሠራር በኋላ ኮዋሽ በተባለው ፕሮግራም አማካይነት ወደ ሌሎች ክልሎች ተስፋፋ።

በቡሬ ገጠር እንዲህ ያለ ጉድጓድ ለማየት ሄደን ነበር። ዙሪያው በእንጨት ታጥሯል፤ መክፈቻ ሰዓት አለው፤ የሚፈስሰው ውኃ እንዳይቋጥር ቦይ ተበጅቶለታል። የኮሚቴው ገንዘብ ያዥ የሆኑት እናት መዝገባቸውን አውጥተው እያሳዩን «ልጆቼ፣ ሰው ሲሞትብን ዕድር አለን፤ ሰው እንዳይሞትብን ደግሞ ይህ አለን» አሉን። ከመጽሐፍ ያነበብነው ሁሉ ይህን ያህል አላስተማረንም።

እርግጥ የገጠሩ ጉድጓድም ጉድለት አያጣውም። በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ ጥልቀቱ ትንሽ ስለ ሆነ በቀላሉ ይበከላል። መጸዳጃ ቤት ከእርሱ ቢያንስ 30 ሜትር መራቅ አለበት፤ ክሎሪንም በየጊዜው ያስፈልገዋል። የፓምፕ መለዋወጫ ጠፍቶ ቆሞ የሚቀርበት ጊዜ አለ። የሆነ ሆኖ ያ ጉድጓድ በከተማው ቧንቧ ዘንድ የጠፋውን አንድ ነገር ይዟል፤ ይኸውም ባለቤት ነው። ቀደም ብለን የጠቀስናቸው የፍኖተ ሰላሙ አረጋዊ ይህን በአጭር ቃል ተናግረውታል፦ «የዱሮው ምንጭ ባለቤት ነበረው፤ የዛሬው ቧንቧ ደንበኛ እንጂ ባለቤት የለውም።»

እንግዲህ ምን እናድርግ?

የዚህ ታሪክ ፍሬ አንድ ነው። ቧንቧ ውኃን ያቀርባል፤ ንጽሕናን ግን በራሱ አያመጣም። ንጽሕናን የሚያመጣው የሚጠብቅ ሰው ነው። በምንጭ ዘመን ጠባቂ ነበረን፤ ዕውቀት ግን አልነበረንም። ዛሬ ዕውቀት አለን፤ ጠባቂውን ግን ቧንቧው ተክቶታል ብለን አሰናብተነዋል። ሁለቱን ማገናኘት የእኛ ትውልድ ሥራ ነው።

ስለዚህ ወላጆቻችንን እንዲህ ብለን እንለምናለን። ውኃ ተቋርጦ ሲመለስ መጀመሪያ የሚወርደውን ለልብስና ለአትክልት አድርጉት። ጄሪካኑን በየጊዜው እጠቡት፤ ክዳኑንም አትርሱ። ከጋን ስትቀዱ እጅ የማይነካው እጀታ ያለው መቅጃ ይኑራችሁ። የምትጠራጠሩትን ውኃ አፍሉት፤ ከባሕር ወለል ከ2000 ሜትር በላይ በሆነ ደጋ ውኃ ከ100 ዲግሪ በታች ስለሚፈላ፣ ከተንፈቀፈቀ በኋላ 3 ደቂቃ ያህል ይቆይ። በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው የተመደቡት እኅቶቻችን ስለ ውኃ ማከሚያ ሲነግሯችሁ አድምጧቸው። የውኃ ኀላፊዎችንም በአክብሮት ጠይቋቸው፤ «ውኃው መቼ ይመጣል?» ብቻ ሳይሆን «ውኃው መቼ ተመረመረ?» በሏቸው።

ከላይ የጠቀስነው የቡሬው ጦር ጊዴዎን የተባለው በመጽሐፈ መሳፍንት በተጻፈው ጊዴዎን ስም ነው። ያ ጊዴዎን 300 ሰዎቹን የለየው ውኃ ሲጠጡ አይቶ ነው። በጕልበታቸው ተንበርክከው የጠጡትን አሰናበተ፤ ውኃውን በእጃቸው ወደ አፋቸው አድርሰው የጠጡትን አስቀረ። ብዙ መምህራን እነዚህ እየጠጡ ዙሪያቸውን የሚያስተውሉ ነበሩ ብለው ይተረጕማሉ። እኛም እያስተዋልን የምንጠጣ እንሁን።

ከመመረቃችን በፊት በትምህርት ቤታችን ቧንቧ አጠገብ አንድ መዝገብ አኑረናል። በየሳምንቱ ተረኛ ተማሪ የውኃውን መልክና ሽታ፣ የተቋረጠበትንና የተመለሰበትን ቀን፣ የሚመረምር ሲገኝም የክሎሪኑን መጠን ይጽፍበታል። መዝገቡ ገና ጥቂት ገጽ ብቻ ነው የተጻፈበት። በመጪው ዓመት የሚጽፉበት ታናናሾቻችን ናቸው፤ ከእነርሱም ጋር የመጀመሪያዋ ተረኛ ለመሆን በፈቃድዋ የተመዘገበችው ያች ታማ የነበረችው ጓደኛችን ናት።